«ውሻው ድመቶቹን አባረሯቸው»፦ አንባቢ ይህን ስሕተት ሳያየው የሚያልፈው ለምንድን ነው?

ወለተ ቀሐ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጎንደር ላይ በአማርኛ አፋቸውን ከፈቱ አንባቢዎች ጋር የሚካሄድ የንባብ ሙከራ እያዘጋጀሁ ነው። ባለቤትና ግስ ሳይስማሙ ሲቀሩ አንባቢው አእምሮ ውስጥ ምን ይሆናል፣ መቼስ ይታወቀዋል የሚል ነው ጥያቄው። ካዘጋጀኋቸው ዓረፍተ ነገሮች ሦስቱን እዩልኝ። ሦስቱም ሆን ተብሎ ስሕተት እንዲሆኑ የተጻፉ ናቸው።

«ልጅቷ ትናንት ማታ ወደ አዘዞ ሄደ።»
«መምህሩ ዛሬ ጠዋት ከማራኪ መጡ።»
«ውሻው ድመቶቹን እስከ በሩ ድረስ አባረሯቸው።»

የመጀመሪያውን ያነበበ ሁሉ ወዲያው ይነቃበታል። ሁለተኛውን ማንም ስሕተት አይለውም። ግራ ያጋባኝ ሦስተኛው ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ይይዘዋል፣ በተለመደው ፍጥነት የሚያነብ ግን ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚያመልጡት በአንድ ምክንያት ነው? ደግሞስ የሰዋስው ስሕተት ሲያጋጥም ስለሚታዩት የአንጎል ሞገዶች፣ ስለ ፒ600 እና ስለ ላን፣ ያነበብኩት ሁሉ ግሳቸው መሀል ላይ ስለሚመጣ ቋንቋዎች ነው፤ ግሱ መጨረሻ በሆነበት በአማርኛ እንዴት ይለካል? የአንጎል ሞገድ መለኪያ ባይገኝስ በላፕቶፕ ብቻ የሚሠራ ነገር አለ?

ፊደል ቆጣሪ

በአንድ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው ጭራሽ ስሕተት ስላልሆነ ከዝርዝርሽ ዛሬውኑ አውጪው።

«መምህሩ መጡ» ደንበኛ የአክብሮት አነጋገር ነው። የ«እሳቸው» ግስና የ«እነሱ» ግስ መልኩ አንድ ነው፤ እሳቸው መጡ፣ እነሱ መጡ፣ እሳቸው ይመጣሉ፣ እነሱ ይመጣሉ። «አንቱ»ም ይህንኑ ግስ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ነጠላ ስም ከ«መጡ» ጋር ሲገጥም አንባቢው ቁጥር አይቆጥርም፣ ሰውየው ይከበራል ወይስ አይከበርም ብሎ ነው የሚፈርደው። አባት፣ እናት፣ ቄስ፣ መምህር፣ የጎረቤት አዛውንት ሁሉ አንቱ በሚባልበት አገር አንቺ የቁጥር ስሕተት ብለሽ የጻፍሽውን የአንባቢው ትሕትና ያርመዋል። የእንግሊዝኛን ወይም የደችን ሙከራ ገልብጦ አማርኛ ላይ የሚያውል ሰው መጀመሪያ የሚገባው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ባለቤቱ ነጠላ፣ ግሱ ብዙ የሆነ ስሕተት ከፈለግሽ ማንም አንቱ የማይለውን ባለቤት ውሰጂ። ውሻ፣ ድመት፣ ጥጃ፣ ድልድይ፣ ደወል ጥሩ ናቸው። ግዑዝ ነገር ስትመርጪ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። አማርኛ ውስጥ ያለ «ኦች» የቆመ ስም የግድ አንድ ነገር ማለት አይደለም፤ «ሁለት መጽሐፍ ጠፋ» የሚለውን ማንም አይነቅፈውም። «የቤቶቹ ቁልፍ ጠፉ» ብትዪም አንባቢው ለየቤቱ አንዳንድ ቁልፍ አስቦ ብዙ ቁልፎች ይታዩታልና ሊቀበለው ይችላል። «የመንደሮቹ ድልድይ» ይሻላል፣ አንዱ ድልድይ ለሁሉም ነውና።

የጾታው ነገር ደግሞ ከቁጥሩ የባሰ ነው። «መኪናው ተበላሸ»ም «መኪናዋ ተበላሸች»ም ትክክል ናቸው፤ አማርኛ ትንሽ የሆነውንና የሚወደደውን ሴት ያደርጋል። ሰው ሲሆንም ቅጥያው ሁለት ፍቺ አለው። «ሙሽራዋ መጣ» ስሕተት ይመስላል፣ ነገር ግን «የእሷ ሙሽራ መጣ» ማለት ነው። «ጎረቤቱ መጣች»ም የእሱ ጎረቤት የሆነች ሴት መጣች ማለት ይሆናል። ሁለቱም ንጹሕ አማርኛ ናቸው። «ልጅቷ» የሚሠራልሽ የባለቤትነቱ ቅርጽ «ልጇ» ስለሆነ ነው፣ ሁለቱ አይምታቱም። «ንግሥቲቱ»ም እንዲሁ ነበረች፣ ግን እሷ ዘንድ አንቱታው ይመለስብሻል።

«ልጅቷ ራባት»፣ «ልጅቷን አመማት» የሚሉትን ዓይነት ግሦች በጠቅላላ ተያቸው። እዚያ ውስጥ ግሱ የሚስማማው ከልጅቷ ጋር አይደለም፤ «ራበ» የወንድ ቅርጽ እንደ ያዘ ነው፣ ልጅቷ ያለችው ተሳቢው ቅጥያ ላይ ነው።

ወደ ሦስተኛው ስንመጣ ሦስት ነገር አንድ ላይ ቀላቅለሻል። አንደኛ ብዙ ቁጥር ያለው «ድመቶቹን» ከባለቤቱና ከግሱ መሀል ገብቷል። ሁለተኛ ግሱ ራሱ «ኣቸው» የሚል የተሳቢ ቅጥያ ስላለው ባለቤቱ ነጠላ ቢሆንም ባይሆንም ብዙነት ይሸታል። ሦስተኛ በትክክለኛው «አባረራቸው» እና በስሕተቱ «አባረሯቸው» መካከል ያለው ልዩነት የ«ራ» እና የ«ሯ» ብቻ ነው፣ ያውም ቃሉ መሀል ተቀብሮ። «ሄደ» ወደ «ሄደች» ሲሄድ አንድ ሙሉ ፊደል ይጨመራል፤ ዓይን ያየዋል። እዚህ ግን ሰዋስው ሳይሆን ዓይን ሊሆን ይችላል የሳተው።

ለመለየት የተሳቢውን ቅጥያ ጣይው፣ በሰዋስው የግድ አይደለም። ግሱ «አባረረ» ወይም «አባረሩ» ይሁን። ከዚያ «ድመቶቹን» በ«ድመቷን» እየተኩ አራት ዓይነት አድርጊው፦ ነጠላ ተሳቢ ከትክክል ግስ፣ ብዙ ተሳቢ ከትክክል ግስ፣ ነጠላ ተሳቢ ከስሕተት ግስ፣ ብዙ ተሳቢ ከስሕተት ግስ። ስሕተቱ በሁለቱም ተሳቢዎች እኩል ካመለጠ ነገሩ የዓይን ነው። «ድመቶቹን» ሲኖር ብቻ ካመለጠ ግን ተሳቢው ግሱን ወደ ራሱ ስቦታል ማለት ነው።

ሌላው ቀርቶ የፊደል አጻጻፍሽን አንድ ወጥ አድርጊ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሰ፣ ሠ እዚህም እዚያም ሲዘበራረቁ ቤተ ክርስቲያን የተማረ አንባቢ እዚያ ላይ ይቆማል፤ አንቺ ደግሞ በሰዋስው ምክንያት የቆመ ይመስልሻል።

የሽቦ ቆብ

ከላይ ያሉት ስለ ቃላቱ ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ሞገዱ ልናገር።

በ1980 ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ ያሳዩት ኤን400 ትርጉም ሲፋለስ የሚመጣ ነው። «እንጀራውን በካልሲ በላ» ብትዪ ካልሲ ላይ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ባለው ጊዜ ወደ ኔጋቲቭ የሚወርድ ሞገድ ታገኛለሽ፤ ጫፉ 400 አካባቢ ነው። የሰዋስው ስሕተት ሲሆን የሚመጣው ሌላ ነው። በ1992 ሊ ኦስተርሃውትና ፊሊፕ ሆልኮምብ፣ በ1993 ደግሞ ፒተር ሃጎርትና ባልደረቦቹ በደች ቋንቋ ያገኙት ወደ ፖዚቲቭ የሚወጣ ሞገድ ከ500 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ጀምሮ እስከ 900 ድረስ ይዘልቃል፣ ጎልቶ የሚታየውም ከአናት ወደ ኋላ ባለው ክፍል ነው። ፒ600 የሚባለው ይኸው ነው። የሃጎርት ሙከራ በቀጥታ የባለቤትና የግስ አለመስማማት ነበረበት፣ ስለዚህ ለአንቺ የቅርብ ዘመድሽ እሱ ነው።

ግን ፒ600ን «የስሕተት ደወል» አድርገሽ አትቁጠሪው። የ1992ቱ ሙከራ ዓረፍተ ነገሮች አንባቢውን በአንድ መንገድ ወስደው መሀል ላይ የሚያስመልሱ ነበሩ። ሰሙን ይዞ ሲሄድ የቆየ የቅኔ ሰሚ ኅብረ ቃሉ ላይ ሲደርስ እንደሚመለሰው ማለት ነው። መልሶ ማሰብን፣ እንደገና ማገጣጠምን ነው የሚያሳየው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሲና ኩልሰን ከባልደረቦቿ ጋር በ1998 እንዳሳየችው ደግሞ ስሕተቱ ከስንት አንድ ሲመጣ ሞገዱ ይገዝፋል፣ ሲበዛ ይቀንሳል። ስለዚህ የስሕተት ድርሻሽን ከመጀመሪያው ወስነሽ በሁሉም ዝርዝር ላይ እኩል አድርጊው፣ ግማሽ በግማሽ ጥሩ ነው። አንባቢውን «ልክ ነው ወይስ ስሕተት» እያልሽ ብትጠይቂው ፒ600 ያድጋል። ለመረዳት ብቻ እንዲያነብ ብታደርጊው ያንሳል።

አሁን ወደ አማርኛው ችግር። ግሱ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲሆን አእምሮ በዚያው ቃል ላይ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ይጠቀልላል፤ የመጠቅለያው ሞገድ ከአንቺ ሞገድ ጋር ይደራረባል፣ መለየት አይቻልም። መፍትሔው ግሱን ሳይነኩ ከኋላው ማስቀጠል ነው፦ «… አባረረ ተብሎ በሰፈሩ ሲወራ ዋለ»። «ብሎ፣ ብላ፣ ብለው» ከሚሉት «ተብሎ» ይመረጣል፣ ተናጋሪው ስለማይታወቅ ከአራቱም ዓይነት ጋር ሳይለወጥ ይሄዳል። «ብለው» ብትዪ ግን ከ«አባረሩ» ኋላ ያለው ብዙ ቁጥር ስሕተቱን ያባብለዋል።

አቀራረቡ፦ በስክሪኑ መሀል አንድ አንድ ቃል፣ ቃሉ ለ300 ሚሊ ሰከንድ ይታያል፣ ለ200 ባዶ ይሆናል። አሥር ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር 5 ሰከንድ ይወስዳል፣ ከጥያቄውና ከዕረፍቱ ጋር 9 ሰከንድ ያዢለት። ከአራቱ ዓይነት ለእያንዳንዳቸው 40፣ በድምሩ 160፣ መሙያ (ዓላማሽን የሚሸፍኑ ሌሎች ዓረፍተ ነገሮች) 80 ብትጨምሪ 240 ይሆናል፤ 36 ደቂቃ ነው። በየ40ው ዕረፍት ስጪ። ከዚህ በላይ ካስረዘምሽው ሰው ያንቀላፋል፣ እንቅልፍ ደግሞ አልፋ ሞገድ ይዞ ይመጣል።

40 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የምትፈልጊው ሞገድ ጥቂት ማይክሮ ቮልት ብቻ ሲሆን ጀርባው ላይ ያለው የአንጎል እንቅስቃሴ በአሥሮች የሚቆጠር ነው። አማካይ ሲወሰድ ጫጫታው በሙከራዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ይካፈላል፣ 40 ሲሆኑ በ6.3 ገደማ። ብልጭ ድርግም የሚል ዓይን ሩቡን ቢወስድብሽ 30 ይቀርሻል፣ ያም ይበቃል። በ15 ግን አትጀምሪ።

ኤሌክትሮዶቹ የተደረደሩበትን ቆብ በተመለከተ፣ ሹሩባ የተሠራ ጸጉር ላይ ጄሉ ቆዳ አይነካም፤ ተሳታፊዎች ፈትተው እንዲመጡ ወይም ሹሩባው በኤሌክትሮዶቹ መሀል የሚያልፍ እንዲሆን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ቅቤ የተቀባ ጸጉር በሳሙና ታጥቦ መድረቅ አለበት፣ ቅባት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። በተለመደው ኤሌክትሮድ ኢምፒዳንሱ (በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ያለው የኤሌክትሪክ እንቅፋት) ከ5 ኪሎ ኦም በታች እስኪወርድ ቆይ ማለት ነው። መብራታችን 50 ሄርዝ ስለሆነ በመረጃው ላይ የምታዪው ጥርስ የመሰለ መስመር እሱ ነው፤ ማጉያውን በባትሪ አሠሪው፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀዪ፣ ጄኔሬተር አጠገብ አትቅጂ።

ማጣሪያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዝቅተኛውን ጫፍ 0.1 ሄርዝ አድርጊው። 1 ሄርዝ ብታደርጊው መስመሩ ያምራል፣ ግን ፒ600 ቀርፋፋ ሞገድ ስለሆነ ይቆረጣል፣ ከመቆረጡም ሌላ ከፊቱ የሌለ ኔጋቲቭ ሞገድ ይፈጠራል፤ ያንን አይተሽ ኤን400 አገኘሁ ትያለሽ። የዓይን ብልጭታን ለመለየት አይሲኤ (የተቀላቀሉ ሞገዶችን የሚነጣጥል ስሌት) የምትጠቀሚ ከሆነ 1 ሄርዙን በቅጂው ላይ አድርጊና ያገኘሽውን ክብደት ወደ 0.1 ሄርዙ መልሺ። መነሻ መስመሩ ከግሱ በፊት ያለው 200 ሚሊ ሰከንድ፣ ማነጻጸሪያው ከጆሮ ጀርባ ያሉት ሁለቱ አጥንቶች አማካይ ይሁን።

በጆሮ የምታሰሚ ከሆነ ሁሉም ይለወጣል። «ሄደ» እና «ሄዱ» የሚለያዩት በመጨረሻው አናባቢ ነው፤ ሰዓቱን ከቃሉ መጀመሪያ ከቆጠርሽ ሞገዱ ይበተናል። ከአናባቢው መጀመሪያ ቁጠሪ።

ሰምና ፈትል

ቆቡ ከሌለ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ለዚህ ጥያቄ እንዲያውም ብዙው ዕውቀት የመጣው ከእሱ ነው።

«ድመቶቹን» ግሱን ይስባል ያሉት ነገር ስበት ይባላል። ካትሪን ቦክና ካሮል ሚለር በ1991 ሲናገሩ የሚሳሳቱ ሰዎችን ይዘው ነው በሙከራ ያሳዩት፤ ነጠላ ባለቤት ከጎኑ ብዙ ቁጥር ያለው ስም ሲኖር ሰዎች ግሱን ብዙ አድርገው ይጨርሱታል። ተገላቢጦሹ ግን እምብዛም አይሆንም፣ ብዙ ባለቤት ጎን ያለ ነጠላ ስም ግስ አይስብም። በአንባቢዎች በኩል ማት ዋገርስ፣ ኤለን ላውና ኮሊን ፊሊፕስ በ2009 ያወጡት ነው ዋናው። ያገኙት እንዲህ ነው፦ ስሕተት ያለበት ግስ ላይ አንባቢ ይዘገያል፤ አጠገቡ ብዙ ቁጥር ያለው ስም ካለ ግን መዘግየቱ ይቀንሳል፣ ማለትም ስሕተቱ ትክክል መስሎ ያልፋል። ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ያው ስም ምንም አያደርግም፣ ትክክሉን ስሕተት አያስመስለውም።

ይህ አለመመጣጠን ነው ቁልፉ። አእምሮ ግሱ ላይ ሲደርስ ወደ ማስታወሻው ተመልሶ «ባለቤት የሆነ፣ ቁጥሩ ከግሱ ጋር የሚገጥም» ብሎ ይፈልጋል። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ከሆነ ባለቤቱ ሁለቱንም ያሟላል፣ ተወዳዳሪ የለውም። ስሕተት ከሆነ ግን ውሻው ባለቤትነቱን ብቻ፣ ድመቶቹ ብዛታቸውን ብቻ ያሟላሉ፤ ግማሽ ከግማሽ ይገጥማል፣ አንዳንዴም የተሳሳተው ይነሣል። ሌላ ወገን ደግሞ ችግሩ ፍለጋው ላይ አይደለም፣ ከሥሩ ባለቤቱ ራሱ ከጎኑ ካለው ብዛት ተበክሏል ይላል። ያ እውነት ቢሆን ትክክለኛ ዓረፍተ ነገርም መቸገር ነበረበት። እኔ ወደ ፍለጋው አደላለሁ፤ ሆኖም ክሪስቶፈር ሀመርሊ፣ አድሪያን ስታውብና ብራየን ዲለን በ2019 እንዳሳዩት የፍርድ ጥያቄ ላይ አንባቢው «ልክ ነው» ለማለት ያለው ዝንባሌ ሲለወጥ አለመመጣጠኑም ይለወጣል። ስለዚህ «ልክ ነው ወይስ ስሕተት» በሚል ጥያቄ ብቻ ድምዳሜ አይደረስም።

አማርኛ እዚህ ላይ ጥሩ ነገር ይሰጥሻል። በእንግሊዝኛው ሳቢው ስም ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ኋላ፣ ከግሱ ፊት ነው የሚቆመው። በአማርኛ «የመንደሮቹ ድልድይ» ስትዪ ሳቢው ይቀድማል፣ ግሱን የሚጎራበተው ራሱ ባለቤቱ ነው። «ውሻው ድመቶቹን» ስትዪ ሳቢው መሀል ይገባል፣ ግን «ን» ይዟል፣ ባለቤት አይደለሁም ብሎ እየጮኸ ነው። «ድመቶቹ የፈሩት ውሻ ከግቢው ወጡ» ስትዪ ደግሞ ሳቢው «ን» የለውም፣ በራሱ ሐረግ ውስጥም ባለቤት ነው። በጀርመንኛ የተሠራው ሥራ ተሳቢነቱ በግልጽ ያልታየ ስም የበለጠ እንደሚስብ ያሳያል። ስለዚህ «ን» የያዘው ያነሰ፣ «ድመቶቹ የፈሩት» የበለጠ ቢስብ አይገርመኝም። ከሦስቱ ሁለቱን አነጻጽሪ፣ ያኔ ጥያቄሽ የራሱ ይሆናል።

አሠራሩ፦ ፒሲአይቤክስ ወይም ሳይኮፓይ በሚባሉት የሙከራ ፕሮግራሞች፣ አንባቢው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር አንድ ቃል ይገለጣል፣ የቀደመው ይሸፈናል። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጪ፣ ፊደሉን በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርገሽ በምትጠቀሚበት ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱን ቃል እይ፤ አንዳንዱ አሮጌ ማሽን «ሯ»ን ባዶ ሣጥን ያደርገዋል። መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ግሱ ላይ ሳይሆን ቀጥለው በሚመጡት አንድ ሁለት ቃላት ላይ ነው የሚፈሰው፤ ለዚህም «ተብሎ በሰፈሩ» የሚለው ጅራት ከአራቱም ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ዓረፍተ ነገሮቹን በአራት ዝርዝር አዙሪያቸው፤ አንድ አንባቢ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአንድ መልኩ ብቻ ይየው። ከእያንዳንዱ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር በኋላ አዎ ወይም አይደለም የሚባል ጥያቄ አስገቢ፣ ጥያቄው ግን «ስንት ውሻ ነበረ» ዓይነት አይሁን፣ ምሥጢሩን ትነግሪያቸዋለሽ። ከ100 ሚሊ ሰከንድ በታች የሆነ ጊዜ ቁልፍ መደብደብ ነው፣ አውጪው።

የሰው ብዛት ላይ አትሳሺ። በተሰበሰቡ ጥናቶች ላይ የስበቱ መጠን በአማካይ 20 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ የአንድ ሰው ንባብ ከቃል ቃል ከዚያ በብዙ እጥፍ ይዋዥቃል። 30 አንባቢ የስሕተቱን መዘግየት ያሳይሽ ይሆናል፣ ስበቱን ግን አያሳይሽም። ከ100 በታች ከሆነ አለ ብለሽም የለም ብለሽም አትጻፊ።

ወለተ ቀሐ

እግዜር ይስጥልኝ፣ «መምህሩ መጡ» ወጥቷል። ሁለት ነገር ልጨምር። ግሱን ወደ መሀል ለማምጣት «ተብሎ» ከማለት በቦዝ አንቀጽ ብሠራውስ? «ልጅቷ ወንዝ ወርዶ ውኃ ቀድታ መጣች» ብል ስሕተቱ «ወርዶ» ላይ ሆኖ ጅራቱ ራሱ ይመጣል። ሁለተኛው ስለ ላን ማንም አላነሣልኝም።

ፊደል ቆጣሪ

አይሆንም። ቦዝ አንቀጽ የራሱ ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ «ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሞላ» እንደምንለው። ባለቤቱ ሳይጠራም ይሄዳል። ስለዚህ አንባቢው «ወርዶ» ላይ ሲደርስ ሌላ አንድ ወንድ ወርዶ ይሆናል ብሎ ሊጠብቅ ይችላል፣ ስሕተት መሆኑ የሚረጋገጠው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። ሞገድሽ መቼ እንደ ጀመረ አታውቂውም። ማሰሪያ አንቀጽ ይሻልሻል።

አሉታውንም ተጠንቀቂ። «አልሄደም» እና «አልሄዱም» ሲሆን መለያው ከመጨረሻው ፊደል ወደ ውስጥ ይገባል። «ትሄዳለች» እና «ትሄዳለህ»ም መጀመሪያቸው አንድ ነው፣ የሚለዩት መጨረሻ ላይ ብቻ። በኃላፊ ጊዜ አዎንታ ብቻ ሥሪ።

የሽቦ ቆብ

ላንን ያላነሣሁት አውቄ ነው። ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ በግራ በኩል ወደ ፊት የሚታይ ኔጋቲቭ ሞገድ ነው፤ አንጌላ ፍሪደሪቺ በ2002 ባወጣችው ባለ ሦስት ደረጃ ሞዴል ውስጥ የመስማማት ስሕተት መጀመሪያ የሚታወቅበት እሱ ነው። ችግሩ በአንዱ ሙከራ ይታያል፣ በሌላው አይታይም። ዳረን ታነርና ጃኔት ቫን ሄል በ2014 የአንባቢዎችን መረጃ በየሰው ሲያዩት አንዳንዱ በኤን400፣ አንዳንዱ በፒ600 እንደሚመልስ አገኙ። ሁለቱን በአንድ አማካይ ስትቀላቅዪ በቀኝ በኩል ይጣፋሉ፣ በግራ የሚተርፈው ላን ይመስላል። ስለዚህ የሰው በሰው ሰንጠረዥ ሳትሠሪ ላን አገኘሁ አትበዪ።

ሰምና ፈትል

አንቱ እዚህ ላይ ትንሽ ቸኮሉ። የታነር ማስረጃ አንዳንዱ ላን ከመቀላቀል እንደሚመጣ ያሳያል፣ ሁሉም ላን ከዚያ ነው የሚያሰኝ ግን አይደለም። ኒኮላ ሞሊናሮ፣ ኦራሲዮ ባርበርና ማኑኤል ካሬይራስ በ2011 ብዙ ሙከራዎችን ሲያነጻጽሩ መለያው ቅጥያ ግልጽ በሆነባቸው ሁኔታዎች ላን ይበልጥ እንደሚታይ ጽፈዋል። አማርኛ ደግሞ በግሱ ጫፍ ላይ መደብም፣ ጾታም፣ ቁጥርም ያስራል፤ ላን ሊታይበት የሚገባ ቋንቋ ካለ ይህ ነው።

የሽቦ ቆብ

እስማማለሁ፣ እኔም የለም አላልኩም። የሰው በሰው ሰንጠረዡ ይሠራ ነው ያልኩት፣ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ሳትቀጂ በፊት ሁለት መስኮት ብቻ ወስነሽ ጻፊ፣ ከ300 እስከ 500 እና ከ500 እስከ 900፤ ኋላ ላይ ሞገዱን አይተሽ መስኮት አትምረጪ።

ወለተ ቀሐ

እንግዲህ የመጀመሪያው ስብስብ ይህ ነው፦

«ውሻው ድመቷን እስከ በሩ ድረስ አባረረ ተብሎ በሰፈሩ ሲወራ ዋለ።»
«ውሻው ድመቶቹን እስከ በሩ ድረስ አባረረ ተብሎ በሰፈሩ ሲወራ ዋለ።»
«ውሻው ድመቷን እስከ በሩ ድረስ አባረሩ ተብሎ በሰፈሩ ሲወራ ዋለ።»
«ውሻው ድመቶቹን እስከ በሩ ድረስ አባረሩ ተብሎ በሰፈሩ ሲወራ ዋለ።»

ፊደል ቆጣሪ

«በሩ»ን ቀይሪው። ከ«አባረሩ» ሁለት ቃል ቀድሞ በ«ሩ» ያለቀ ቃል ዓይንን ለዚያው ፊደል ያዘጋጀዋል፣ ስሕተቱ እንዲያልፍ ያግዘዋል፤ «አባረረ»ን ደግሞ አያግዘውም። «አጥሩ»ም ያው ነው። «እስከ ግቢው ጫፍ ድረስ» በዪው፣ ሌሎቹንም ስብስቦች በዚሁ ዓይን አንድ በአንድ እይ።